ከመድፍ ይልቅ ምሳር

በ1860 ዓ.ም. የበጋ ወራት ከዙላ ተነስቶ በሰንዓፌ፣ በአዲግራትና በእንደርታ በኩል ወደ መቅደላ ያመራው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ከህንድ ካስመጣቸው ዝሆኖችና ከመድፎቹ ሌላ የፎቶግራፍ መሣሪያም ይዞ ነበር። ፎቶግራፍ የሚያነሱት የጦሩ መሐንዲሶች ነበሩ። ጦሩ በሰፈረበት ሁሉ ድንኳኑን፣ የጭነት ከብቱንና መንገዱን እያነሱ ሄዱ። ሐሳባቸው ዘመቻውን መመዝገብ ነበር፤ ስለ ተራራው ግድ አልነበራቸውም። ተራራው ግን ከድንኳኑ ጀርባ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ከ140 ዓመት በኋላ በቤልጂየም የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና የሥራ ባልደረቦቻቸው እነዚያን ፎቶግራፎች ይዘው ወደ ሥፍራዎቹ ተመለሱ። የጥንቱ ካሜራ የቆመበትን ቦታ እየፈለጉ፣ የተራራውን ጫፍ ከአሮጌው ምስል ጋር እያስተካከሉ ዳግም አነሱ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት ብዙ ሰው በልቡ ይዞት የኖረውን ታሪክ አፈረሰ። አገሩ ድሮ በጥቅጥቅ ደን የተሸፈነ ነበር፣ እኛ ነን የጨረስነው የሚለው ትረካ በእነዚያ ምስሎች ላይ አልታይ አለ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን መጨረሻ ብዙው ጋራ ቀድሞውኑ የተራቆተ ነበር። ሕዝቡ በብዙ እጥፍ ከጨመረ በኋላ በተነሱት ፎቶግራፎች ላይ ግን ዛፉ ከቀድሞው በዝቶ፣ ተዳፋቱም በእርከን ታጥሮ ታየ።

ይህ በራሱ የመጣ ለውጥ አይደለም። ትግራይ ውስጥ በተለይ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የተራቆቱ ተዳፋቶች «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ» እየተባሉ ተከለሉ። ከብት አይገባባቸውም፣ እንጨት አይቆረጥባቸውም፤ ሣሩ በዓመት የተወሰነ ጊዜ በማጭድ ታጭዶ ለነዋሪው ይከፋፈላል። ደንቡን የሚያወጣው የመንደሩ ጉባኤ ነው፤ በትግርኛ ስሪት ይሉታል። ጥሶ የተገኘ ይቀጣል። የሚጠብቀው ሰው አንዳንዴ በእህል፣ አንዳንዴ በሣር ድርሻ፣ አንዳንዴም በጥቂት ብር ይታሰብለታል። ለሥራ የደረሰ ሁሉ ደግሞ በበጋ 20 ቀን ነፃ ጉልበቱን ለእርከን፣ ለክትርና ለችግኝ ጉድጓድ ይሰጣል። ውቅሮ አጠገብ ያለችው የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር በአንድ ወቅት በድርቅ ብዛት ነዋሪዎቿን ወደ ሌላ ቦታ ለማስፈር ታስቦባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳቶር ሽልማት ወሰደች፤ ጉድጓዶቿ ውሃ አቁረው፣ ጓሮዎቿ ፍራፍሬ ይዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ክልሉ በጠቅላላ በረሃማነትን በመከላከል የወርቅ ደረጃ ያለው የዓለም የፖሊሲ ሽልማት ተሰጠው። የክልሉ አስተዳደር ስለ ሌላው ነገር ምንም ይባል ምን፣ ይህ ሥራ በአፍሪካ በመልካም ምሳሌነት ከሚጠቀሱት መካከል ነበር።

የትግራዩ ጦርነት ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀመረ። ስለ ተራራው ለሚጠይቅ ሰው ግን ከዚያ የሚብስ ሌላ ቀን አለ፤ እሱም በሰኔ 2013 መጨረሻ ክልሉ ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ፣ ከባንክ፣ ከስልክና ከነዳጅ የተቆረጠበት ነው። ነገሩን ለመረዳት ከምጣዱ መጀመር ይሻላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከቤት ዕቃ ሁሉ ኃይል በመብላት የሚታወቅ ነው፤ እስከ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል። እንጀራ በዝቅተኛ እሳት አይጋገርም፤ ምጣዱ በእኩል መጠን መጋል አለበት፣ አለዚያ ዓይን አያወጣም። በከተማ የሚኖር ቤተሰብ ለዓመታት ይህን ሙቀት ያገኘው ከግድግዳው ሶኬት ነበር። መብራቱ ሲጠፋ እንጀራው አይቀርም፤ ሙቀቱ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ጋዝ የለም፣ ላምባ የለም፣ ከሌላ ክልል የሚመጣ ከሰልም የለም። ስለዚህ ጉልቻው ተመለሰ፤ መቀሌን የመሰለ ትልቅ ከተማም በአንድ ጊዜ ዙሪያውን ካሉት ጋራዎች ማገዶ መፈለግ ጀመረ። ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያለበት ክልል ከመረቡ ጋር እስከ ኅዳር 2015 መልሶ አልተገናኘም፤ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ማለት ይቻላል።

ከሰል የሚከሰልበትን መንገድ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የጉዳቱን ስፋት ለመገመት አይቸገርም። እንጨቱ በቁመት ተከርክሞ ይከመራል፤ ወፍራሙ ከሥር፣ ቀጭኑ ከላይ። በቅጠልና በሣር ይሸፈናል፣ በላዩ አፈር ይመለሳል፣ በአንድ በኩል ትንሽ አፍ ተከፍቶ እሳት ይለኮሳል። ከዚያ በኋላ የከሳዩ ሥራ እሳቱ እንዳይነድ መከላከል ነው። አየር ከገባ እንጨቱ አመድ ይሆናል፤ ስለዚህ አፈሩ በተሰነጠቀ ቁጥር ሌት ተቀን እየዞረ ይደፍናል። ጭሱ መጀመሪያ ነጭና ወፍራም ነው፤ ውሃው ነው የሚወጣው። ጭሱ ሰማያዊ ሆኖ ሲቀጥን ከሰሉ ደርሷል ይባላል። በዚህ ዘዴ 1 ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ያልቃል። አንድ ማዳበሪያ 30 ኪሎ ከሰል ቢይዝ፣ ከኋላው ከ150 እስከ 300 ኪሎ እንጨት አለ ማለት ነው። በሰላሙ ጊዜ ከሳዩ በስውር ከሩቅ ቆላ ነበር የሚያመጣው። ደመወዝ ሲቋረጥ፣ ባንክ ሲዘጋና ገበያ ሲደርቅ ግን ከሰል ያለ ካፒታል የሚጀመር ብቸኛው ንግድ ሆነ። መምህሩም፣ የቢሮ ሠራተኛውም፣ በሬው የታረደበት ገበሬም ሊገባበት የሚችል ሥራ ነበር። የገዢው ብዛትና የሻጩ ብዛት በአንድ ጊዜ ጨመረ፤ በመካከላቸው የቀረው ጋራው ብቻ ነው።

በመቀሌና በጌንት ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የሳተላይት ምስሎችን ተጠቅመው እ.ኤ.አ. በ2023 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ከላይ ሆኖ አየው፤ ከጦርነቱ በፊት እያገገመ የነበረው የዛፍና የቁጥቋጦ ሽፋን በጦርነቱ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሷል። በትግራይና በአፋር ድንበር ላይ በተንጣለለው የደስኣ ደን፣ ጥድና ወይራ ይዞ በቀረው በዚያ ደረቅ የደጋ ጫካ፣ ወደ 38,000 ሄክታር ለማዳን የተጀመረው ሥራ ጦርነቱ ሲመጣበት ገና ሥር እየሰደደ ነበር። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ጦርነት በተፈጥሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሲነሳ አእምሯችን የሚያየው ቦምብና መርዝ ነው። አብዛኛው ጉዳት ግን የሚመጣው ከመድፍ ሳይሆን ከምሳር፣ ምሳሩም የሚነሳው ሰውና ዛፍ ተስማምተው የኖሩበት ሥርዓት ሲፈርስ ነው። የሥርዓቱ ክፍሎች ጠባቂው፣ ስሪቱና የኤሌክትሪክ መስመሩ ናቸው። ፈንጂ አንድም ዛፍ ሳይመታ ሦስቱ ከወደቁ ተራራው ይወድቃል።

የቦምቡና የመርዙ ምስል ከምንም አልመጣም። አሜሪካ ቬትናም ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1971 ድረስ ከ70 ሚሊዮን ሊትር በላይ የቅጠል ማርገፊያ ኬሚካል ከአውሮፕላን ረጭታለች፤ ቢየን ሆዋ የነበረው የአየር ኃይል ሠፈር አፈር ዛሬም ከዲዮክሲን እየተጠረገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ወደ ኋላ ያፈገፈገው የኢራቅ ጦር ከ600 በላይ የኩዌት ነዳጅ ጉድጓዶችን አቃጠለ፤ የመጨረሻው የጠፋው በኅዳር ወር ነው፤ ዛሬም በዚያች አገር በረሃ ውስጥ የደረቀ የዘይት ሐይቅ ቅሪት አለ። እነዚህ እውነተኛ ወንጀሎች ናቸው፤ ፎቶግራፋቸውም ስለሚያስደነግጥ ማንም አይረሳቸውም። ነገር ግን ኬሚካል የሚረጭ የአውሮፕላን ጓድ ያለው ሠራዊት በዓለም ላይ ጥቂት ነው። በአፍሪካ የሚካሄደው ጦርነት በክላሽ፣ በፒክአፕ መኪናና በእግር ነው። ጉዳቱን በቬትናም መለኪያ ከለካነው «ምንም አልደረሰም» ወደሚል መደምደሚያ እንደርሳለን፤ ባለሥልጣናትም የሚወዱት መደምደሚያ ይኸው ነው።

ጆሹዋ ዳስኪንና ሮበርት ፕሪንግል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ኔቸር መጽሔት ላይ ያሳተሙት ሥራ ክርክሩን ከግምት ያወጣዋል። ከ1946 እስከ 2010 ድረስ በአፍሪካ ጥብቅ ሥፍራዎች የኖሩ ትልልቅ የዱር አጥቢዎችን ቁጥር ከጦርነት ታሪክ ጋር አነጻጸሩ። ከጥብቅ ሥፍራዎቹ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዚያ ጊዜ ውስጥ ጦርነት ነክቷቸዋል። የእንስሳቱን ቁጥር መቀነስ ከድርቅም፣ ከሕዝብ ብዛትም በላይ የተነበየው ነገር ጦርነት በየስንት ጊዜው እንደተመላለሰ ነው። ይበልጥ የሚገርመው ሁለተኛው ግኝት ነው። የጦርነቱ ክብደት፣ ማለትም በውጊያው የሞተው ሰው ብዛት፣ እንደ ድግግሞሹ አልሆነም። ትንሽ ግጭትም ቢሆን ከተመላለሰ ቁጥሩን ወደ ታች ለመጎተት በቂ ነበር። ጉዳቱ ከጥይት ብዛት የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ብዙ ጥይት ብዙ ጉዳት ባመጣ ነበር። ጉዳቱ የሚመጣው ጠባቂው ሲሄድ ከሆነ ግን ነገሩ ይገባል፤ ጠባቂውን ለማባረር አንድ የተኩስ ሌሊት ይበቃል።

የሞዛምቢኩ ጎሮንጎሳ ፓርክ በዚህ ረገድ ብዙ የተጠና ነው። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1992 በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ፓርኩ አንዴ የአማጽያኑ፣ አንዴ የመንግሥት መቀመጫ ነበር። ሁለቱም ወገን ሥጋውን በሉት፣ የዝሆኑን ጥርስ ሸጠው ጥይት ገዙበት። ከትልልቆቹ እንስሳት ከ90 በመቶ በላይ አለቁ። ጥርስ የሌላት ዝሆን አዳኝ ስለማይፈልጋት ከጦርነቱ በፊት ከሴቶቹ 18.5 በመቶ የነበሩት ጥርስ አልባዎች ከጦርነቱ በኋላ ወደ ግማሽ ደረሱ፤ ከዚያ በኋላ የተወለዱትም ብዙዎች ጥርስ ሳያወጡ አድገዋል። ሳይንስ መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጥናት ጦርነቱ በዘር ውስጥ ገብቶ እንደቀረ አሳይቷል። በኮንጎዋ ጎማ ደግሞ ጉዳቱ ያለ ተኩስ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1994 ከሩዋንዳ የሸሹ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች በቪሩንጋ ፓርክ ጥግ ሰፍረው ለሁለት ዓመት ያህል ሲያበስሉ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ጫካ ተነካ። እነዚያ ሰዎች የሚበሉት እህል ተሰጥቷቸው ነበር። የሚቀቅሉበት ማገዶ ግን በበቂ አልተሰጣቸውም። ጋምቤላና አሶሳ ያሉ መጠለያዎችን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

በገዛ አገራችንም የቆየ ማስረጃ አለ። በግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ በብዙ አካባቢ የመንግሥት ሥልጣን ለሳምንታት፣ አንዳንድ ቦታ ለወራት ጠፋ። ባሌ ላይ የደጋ አጋዘን፣ ሰንቀሌ ላይ ቆርኬ ተገደለ፤ የፓርክ ጠባቂዎች ሠፈር ተዘረፈ፣ በምግብ ለሥራ የተተከሉ የጋራ ደኖችም ተመነጠሩ። እዚያ የተካሄደ ከባድ ውጊያ አልነበረም። ገበሬው ለምን ይህን አደረገ የሚለው ጥያቄ መልስ ያለው ነው። ዛፉ በካድሬ ትዕዛዝ የተተከለ፣ በገዛ መሬቱ ላይ ሆኖ የእርሱ ያልነበረ፣ ቅርንጫፍ ቢቆርጥ የሚያሳስረው የመንግሥት ንብረት ነበር። ባለቤቱ ሲሸሽ ንብረቱ ተከፋፈለ። ከዚህ የምንማረው ሥርዓት ሁሉ በአንድ ፍጥነት እንደማይፈርስ ነው። ከላይ የወረደ ከላይ ያለው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል። የመንደር ጉባኤ ያወጣው ስሪት ትንሽ ይቆያል፤ ግን እርሱም ቢሆን ለአሥራ ሰባት ወር የዘለቀ ረሃብና ጨለማ እንዲችል ታስቦ የተሠራ አይደለም።

እዚህ ላይ ትልቁ ተቃውሞ ይነሳል፤ ሳይነሳም ቢቀር ነውር ነው። ሰው እያለቀ ስለ ዛፍ የሚያወራ ማነው? እናት ልጇን ለማብላት ወይራ ብትቆርጥ ማን ሊከሳት ነው? ማንም። ቆራጯ ጥፋተኛ አይደለችም፤ ይህ ጽሑፍም እሷን አይከስም። ጥያቄው ግን ዛፉንና ሰውን በሁለት ሚዛን አስቀምጦ ምረጥ የሚል ስለሆነ የተሳሳተ ጥያቄ ነው። በትግራይ፣ በሰሜን ወሎና በዋግ ተራሮች ላይ ዛፍ ማለት ውሃ ነው። ተዳፋቱ ከተሸፈነ ዝናቡ ይሰርጋል፣ ከሥሩ ያለው ምንጭ እስከ ሚያዝያ ይቆያል፣ ጉድጓዱ ለጓሮ አትክልት ይበቃል። ተዳፋቱ ከተራቆተ ያው ዝናብ በአንድ ሰዓት ወርዶ ቦረቦር ይቆርጣል፣ ከላይ የጠረገውን አፈር ታች ያለው ግድብ ውስጥ ይሞላዋል። በክልሉ በ1980ዎቹና ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ትንንሽ ግድቦች ትልቁ በሽታ ደለል መሆኑን መስኖ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ በ2014 ዓ.ም. የተቆረጠው ቁጥቋጦ በዚያው ዓመት አንድ ቤተሰብ አብልቷል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን የብዙ ቤተሰብ ማሳ ውሃ ያጣል። ሰው ይቅደም ካልን፣ የዛሬውም የከርሞውም ሰው ነው መቅደም ያለበት።

ሌላው ተቃውሞ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ኢትዮጵያ በሰላሙም ጊዜ ከምትጠቀመው ኃይል 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከአዝመራ ተረፈ ምርት ነው፤ ጦርነቱ ምን ጨመረ? ደግሞስ ዛፍ ይበቅል የለም ወይ? የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ልዩነቱ ግን ምን እና ከየት እንደሚቆረጥ ነው። በሰላሙ ጊዜ ማገዶው በአመዛኙ ከባሕር ዛፍ፣ ከደረቀ ጭራሮና ከኩበት ነው፤ የተከለለው ጋራ ደግሞ በስሪት ተጠብቆ ይኖር ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የተነካው ይህ ተጠብቆ የኖረው ነው። ይበቅላል የሚለው ግን ዛፉን ሳያዩ የሚነገር ነው። ወይራ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ጉቶው ራሱ ለከሰል ካልተቆፈረ ማለት ነው። ጥድ ግን አያቆጠቁጥም፤ ከተቆረጠ ሞቷል፣ ከዘር መጀመር አለበት፣ ለማደግም አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። የወይራ ዘርም ቢሆን በባዶ ሜዳ አይይዝም። በትግራይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ወፎች ዘሩን ቁጥቋጦ ላይ ተቀምጠው ይጥላሉ፣ ቡቃያውም እንደ ደደሆ ባለ ቁጥቋጦ ጥላ ሥር ከፀሐይና ከፍየል ጥርስ ተሸሽጎ ነው የሚያድገው። እናቶች ሩቅ ሳይሄዱ በመጀመሪያ የሚለቅሙት ደግሞ ይህንኑ ቁጥቋጦ ነው። ለዓይን ዋጋ የሌለው የሚመስለው ደደሆ የሚመጣው ጫካ አሳዳጊ ነበር። እሱ ከተነቀለ ችግኝ በመኪና አምጥቶ መትከል አንድ ነገር ነው፣ ማጽደቅ ሌላ።

ጦርነት አንዳንዴ ተፈጥሮን ይጠብቃል የሚሉም አሉ፤ ማስረጃቸውም ቀልድ አይደለም። ሁለቱን ኮሪያዎች የሚለየው 4 ኪሎ ሜትር ስፋትና ወደ 250 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጣና እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ሰው እምብዛም ስለማይረግጠው የብርቅዬ አእዋፍና እንስሳት መጠለያ ሆኗል። ኮሎምቢያ ውስጥ ፋርክ የተባሉት አማጽያን ጫካውን መደበቂያቸው ስለነበር ገበሬው እንዳይመነጥር ይቆጣጠሩ፣ ይቀጡም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ከመንግሥት ጋር ታርቀው ሲወጡ በዓመቱ የተመነጠረው ደን ከ178 ሺህ ሄክታር ወደ 220 ሺህ ገደማ አሻቀበ። ይህን ስመዝነው ግን ክርክሬን የሚያጠናክር ሆኖ አገኘዋለሁ። የኮሪያው ቀጣና የተጠበቀው በጦርነት ሳይሆን በቆመ ጦርነት ነው፤ በዓለም ላይ እንደዚያ ጥብቅ ጥበቃ ያለው መሬት ጥቂት ነው፣ ፈንጂውም ከጠባቂ ይቆጠራል። የኮሎምቢያው ደግሞ አንድ ደን ጠባቂ፣ ክላሽ የያዘም ቢሆን፣ ሲሄድና የሚተካው ሳይመጣ ሲቀር ምን እንደሚሆን ያሳያል። ሰላም የወረደው ጠባቂ ሳያዘጋጁ ነበር። ጥያቄው ተኩስ አለ ወይስ የለም ሳይሆን፣ ጋራው ላይ ደንብ የሚያስከብር ሰው አለ ወይስ የለም የሚለው ነው።

የጦርነት ሕግ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅበት ቋንቋ የለውም። እ.ኤ.አ. የ1977ቱ የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንድ በተፈጥሮ ላይ «ሰፊ፣ ረጅም ጊዜ የሚቆይና ከባድ» ጉዳት ማድረስን ይከለክላል። ሦስቱም መለኪያዎች በአንድነት መሟላት ስላለባቸው የሚያልፈው ጉዳት እጅግ ጥቂት ነው። የሮም ስምምነትም ይህንኑ ወንጀል ሲያደርገው ለአገር ከአገር ጦርነት ብቻ ነው። ኢትዮጵያ በ1994 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው ፕሮቶኮል ሁለት፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሕግ፣ እህልን፣ ከብትን፣ የመጠጥ ውሃንና የመስኖ ሥራን ይጠብቃል፤ ስለ ደን ግን አንድም ቃል የለውም። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን በ2022 ያወጣቸው 27 መርሆዎች ከጦርነት በፊትም በኋላም ያለውን ጊዜ ማካተታቸው ትልቅ እርምጃ ነው፤ አስገዳጅ ግን አይደሉም። ካሳ የተከፈለበት ታሪክም የአገር ከአገር ነው። ኢራቅ ለኩዌት ጦርነት እስከ 2022 ድረስ ከ52 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍላለች፤ ከዚያ ውስጥ ከ5 ቢሊዮን የሚበልጠው ለተፈጥሮ ጉዳት የተፈረደ ነው። በዚያው ዓመት የሄጉ ፍርድ ቤት ኡጋንዳ ለኮንጎ እንድትከፍል ከወሰነው 325 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 60 ሚሊዮኑ ለተዘረፈ የተፈጥሮ ሀብት ነው። የእርስ በርስ ጦርነት ከሳሽም ተከሳሽም አንድ አገር ስለሆነ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም። ሕጉ የሚፈልገው ተኳሹን ነው፤ እዚህ ያለችው ግን ማገዶ የተሸከመች ሴት ናት፣ መብራቱን ያጠፋው ደግሞ ዛፍ አልነካም።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነትም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ተኩስ ማቆምን፣ ትጥቅ መፍታትን፣ እርዳታ ማድረስንና የተቋረጡ አገልግሎቶችን መመለስን ይዟል፤ ለደንና ለአፈር የተለየ አንቀጽ የለውም። ይሁን እንጂ ሳያስበው ለጋራው ትልቁን ውለታ የዋለው ይኸው ስምምነት ነው፤ የኤሌክትሪክ መስመሩን ቀጥሏል። ከችግኝ ሁሉ በፊት የሚቀድመው ይህ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአረንጓዴ አሻራ ስም በየክረምቱ የሚነገረው የተተከለው ቁጥር ነው፤ ምን ያህሉ እንደተጠበቀ፣ በጦርነቱ ቀጣና ያለው ምን ያህሉ እንደተቆረጠ ከዚያ ቁጥር ላይ አይቀነስም። አንድ ምጣድ ሶኬት ላይ ተመልሶ ሲሰካ በዓመት ውስጥ የሚያድነው ቁጥቋጦ አልተተከለም ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ ማንም በቴሌቪዥን አያሳየውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጠባቂው ነው፤ በዚህ ላይ ሦስተኛው ወገን፣ ማለትም ወጪ ቆጣቢው፣ የሚያነሳው ተቃውሞ አለ። ሆስፒታል ሳይታደስ፣ ትምህርት ቤት ጣሪያ ሳይመለስለት፣ ተፈናቃዩ ቤቱ ሳይገባ ለጋራ ጠባቂ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ገንዘቡ ብዙ አይደለም። የመንደር ጠባቂ የሚከፈለው ከሚያጭደው ሣር ወይም ከጥቂት ኩንታል እህል ነበር፤ ይህን ለመመለስ ከሚያስፈልገው ወጪ ይልቅ ደለል የሞላውን አንድ ትንሽ ግድብ መልሶ መጥረግ ይበልጣል። የሚከብደው ገንዘቡ ሳይሆን ሥልጣኑ ነው። ስሪቱን የሚያስከብረው የመንደር ጉባኤ አባላት ሞተዋል፣ ተሰደዋል፣ ወይም ተኳርፈዋል፤ ጦር ሜዳ የዋለ ወጣት ደግሞ ማጭድ ብቻ የያዘ ሽማግሌ «ከዚህ አትቁረጥ» ቢለው አይሰማም። ዳኝነቱ ካልተመለሰ ጠባቂ መቅጠር ዋጋ የለውም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ በዞረባቸው የአማራና የአፋር ወረዳዎች፣ ላሊበላ ለወራት ያለ መብራት በቆየችበት በሰሜን ወሎም ነገሩ አንድ ዓይነት ነው። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ሳቢያ ደግሞ ሰሜን ተራሮች ላይ ቁጥራቸው እየቀነሰ የመጣው ዋልያዎች ከሌላ አገር የሚተካላቸው ዘመድ የላቸውም፤ ከዚያ ተራራ ሌላ የሚኖሩበት ቦታ የለም፣ ጠባቂዎቻቸውም እንደ ልብ መንቀሳቀስ አልቻሉም።

ስለዚህ የሚቀጥለው የሰላም ስምምነት፣ የትኛውም ወገን ከየትኛው ጋር ቢፈርመው፣ ስለ ተፈጥሮ ረጅም መግቢያ አያስፈልገውም። የኤሌክትሪክ መስመር፣ የመጠጥ ውሃና የማገዶ አቅርቦት በጦርነት ጊዜ እንዳይቆረጡ የሚል አንድ አንቀጽ፣ የደንና የፓርክ ጠባቂዎች ከሁለቱም ወገን ታጣቂ ሳይቆጠሩ በቦታቸው እንዲቆዩ የሚል ሌላ አንቀጽ ይበቃዋል። ሐኪምና አምቡላንስ በሕግ የተጠበቁት ማንም ወገን ስለሚወዳቸው ሳይሆን ሁሉም ስለሚያስፈልጉት ነው። የጋራ ጠባቂም ለሁሉም ያስፈልጋል፤ ከታች ያለው ምንጭ የሚያጠጣው የአንዱን ወገን ከብት ብቻ አይደለም። የተራድኦ ድርጅቶችም ዱቄትና ዘይት ሲጭኑ ማብሰያውን የሚጭኑበት መኪና አብሮ እንዲሄድ ማድረግ ይችላሉ፤ ከጎማ ወዲህ ሠላሳ ዓመት አልፏል፣ ዱቄት ብቻውን እንደማይበላ ሁሉም ያውቃል። ማገዶ ቆጣቢ ምጣድ በአገራችን በየከተማው ይሠራል፣ ከተከፈተው ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨት በእጅጉ ይቀንሳል፣ በአህያም ይጫናል።